አሸዋ የጠጣው ቮልስ

በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጄ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ቆቦ ተነሣን። ሁለት ጉዳይ ነበረኝ። አንደኛው እናቴን ማየት ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ድምጿን በስልክ ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አላየኋትም። ሁለተኛው፣ ሳልሸሽግ ልናገርና፣ አባቴ ትቶት የሄደውን አሮጌ ቮልስ ለመሸጥ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ገዥ «ሞተሩ ተነሥቶ በራሱ ጎማ ከሄደ እወስደዋለሁ» ብሎኛል። ገንዘቡንም በሐሳቤ መድቤው ነበር፤ ለልጄ የዩኒቨርሲቲ ወጪ።

ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ጥቅምት ላይ ወስዶ ውጤት ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ በእኔና በእሱ መካከል ሌላ ወሬ ጠፍቷል። እኔ «እንዴት ነበር?» እላለሁ፣ እሱ «ደህና ነው» ይላል። መንገዱን ሁሉ ማዳመጫውን ከጆሮው አላወለቀም።

መንገዱ ግን ብዙ የሚያሳይ ነበር። ጣርማ በርን በዋሻው አልፈን፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አቋርጠን ደሴ አደርን። በማግስቱ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን አልፈን ወልዲያ ገባን። ከወልዲያ በኋላ ሀገሩ ይለወጣል። ተራራው ወደ ጎን ሸሽቶ ሜዳው ይከፈታል። ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ከዚያ ቆቦ። ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ። በሁለቱ መካከል የራያ ቆላ ተዘርግቷል። በክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ ማሽላው የሚበቅለው በዚያ ነው። በጥር ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ አገዳው በየግቢው ተከምሮ ይቆያል። ግመሎች በአስፋልቱ ዳር ረጋ ብለው ሲሄዱ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫውን አወለቀ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከስታለች። እኔን አገላብጣ ስማ፣ ልጄን ከላይ እስከ ታች አይታ «ቁመትህ የአያትህ ነው» አለችው። ጦርነቱን አላነሣችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ቡና ተጠጣ፣ የማሽላ እንጀራ ቀረበ፣ ከዚያ «መኪናውን አሳዪኝ» አልኳት። ወደ ጓሮ ወሰደችን። ከአንድ ትልቅ የአገዳ ክምር በቀር የሚታይ ነገር የለም። «እዚያ ውስጥ ነው» አለች።

አባቴ የወባ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ በሀገራችን የወባ መከላከል የሙከራ ሥራ ቀድሞ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነው። አባቴ በወጣትነቱ መርጫ ተሸክሞ ቤት ለቤት ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ቮልሱን በ1966 ዓ.ም. ከአንድ የውጭ ሀገር ሰው ገዛው፤ ራሱ መኪናው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ገዝቶ ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ ተጭነው ተወሰዱ። ከዚያ ቀን በኋላ የሰፈሩ ሰው አባቴን ሲያይ «ንጉሥ የተሳፈረበት መጣ» ይለው ነበር። አባቴ አይስቅም፤ ግን መኪናውን በየቀኑ ይወለውለው ነበር።

የዓለም ነገር እንዲህ ነው፤ ያቺ ክብ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። በእኛ ሀገር ግን የውጭ መኪና ዋጋው የማይቀመስ ስለሆነ አሮጌው አይጣልም። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ይበየዳል፣ ይቀባል፣ ይኖራል። የእኛው ግን አባቴ ካረፈ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተነሣም።

በማግስቱ ሰኞ እማዬ መካኒክ አስጠራች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የነዱ፣ ኋላም ደሴ ጋራዥ የሠሩ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አያ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው አልናቸው። የድሮ መካኒክ አፉ ግማሽ ጣሊያንኛ ነው። ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ መንገዱን ሠርቶ፣ መኪናውን አምጥቶ፣ ተባሮ ሲሄድ ቃላቱን ትቶልን ሄዷል።

አያ ሞተሩን አዩ፣ ዘይት ለወጡ፣ ካንዴላዎቹን ፈትተው ጠረጉ፣ ባትሪ ከጎረቤት ተዋሱ። ከዚያ ትንሽ ቤንዚን በሃይላንድ አስገዝተው በቀጭን ጎማ በቀጥታ ወደ ሞተሩ አገናኙት። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ያ የቮልስ ድምፅ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚንጣጣው፣ ግቢውን ሞላው። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አንድ ቃል አልተናገረችም።

አያ ሞተሩን አጠፉና «ሞተሩ ደህና ነው፤ በሽታው ሆዱ ውስጥ ነው» አሉ። የዚህ ቮልስ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ በእነሱ ቋንቋ ሳልቫትዮው፣ ያለው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ሞተሩ ደግሞ ከኋላ ነው። ቤንዚን ለመሙላት የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ትልቁን ክዳን መፍታት ያስፈልጋል። አያ ክዳኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ልጄንም «ና እይ» አሉት። ውስጡ እንደ ሸክላ ቀልቷል። ሽታው የቤንዚን ሳይሆን የቆየ ቫርኒሽ ነው።

ለምን እንደሚዝግ ያስረዱት ለእሱ ነው፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ሰማሁ። ግማሽ የሆነ ሳልቫትዮ ይተነፍሳል። ቀን በሙቀት አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየር ከነርጥበቱ ይስባል። ያ ርጥበት በላሜራው ላይ ጤዛ ይሆናል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ስለዚህ ዝገቱ የሚጀምረው ሰው ከማያየው ከወለሉና ከስፌቱ ነው። የቆየው ቤንዚን ደግሞ ቀላሉ ክፍል እየተነነ የቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዝገቱ ተፈርፍሮ ቱቦውን፣ ፖምፓውን፣ ካርቡራቶሪውን ይዘጋል። «ሞተር ገዝተህ ብትለውጥ እንኳ ይኼ ካልታጠበ በሦስት ደቂቃ ቆሞ ታገኘዋለህ» አሉት።

ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያው ትእዛዛቸው የደረሰው ለእማዬ ነው። የቡናው ከሰል ከግቢ ይውጣ አሉ። እማዬ ደነገጠች፤ እሷ ከሃምሳ ዓመት በላይ በዚያ በረንዳ ላይ ቡና አፍልታለች። አያ ግን አልተበገሩም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፣ በመሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል። አሥር ሜትር ርቆ ያለ ፍም ሊያገኘው ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ሙሉ ሳልቫትዮ ሳይሆን ባዶው ነው፤ ባዶ የመሰለው በትነትና በአየር የተሞላ ነውና። እማዬ ጀበናዋን ይዛ ጎረቤት ሄደች።

የባትሪው ሽቦ ተነቀለ፤ ባትሪው በዚህ መኪና ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከታች ያለው ቱቦ ተፈትቶ የቀረው ነዳጅ ወደ ጀሪካን ተቀዳ። ቡናማ ነበር። እኔ «ጥግ ላይ ይደፋ» ስል አያ በቁጣ አዩኝ። «ሜዳው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው» አሉ። ጀሪካኑን ከድነው ለብቻው አስቀመጡት። ከዚያ በአራቱ ማዕዘን ያሉት ማሠሪያዎች ተፈቱ፣ የመለኪያው ገመድ ተላቀቀ፣ ልጄና አያ ሳልቫትዮውን ይዘው አወጡት። ጠፍጣፋ፣ አርባ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ነው። ሲያነሡት ውስጡ ሻ... አለ። ዝገት እንዲህ አይጮኽም። ልጄ ገልብጦ ሲያናውጠው በአፉ በኩል እርጥብ ነገር ፈሰሰ። አያ በጣታቸው ፈተጉት። አሸዋ ነው። የወንዝ አሸዋ።

«ማን ነው ይኼን የሚያደርግ?» አልኩ። በዚያ ግቢ ማን እንዳለፈ እግዜር ይወቀው ብዬ ተናደድኩ። እማዬ ቡናውን ይዛ ስትመለስ ብነግራት «ኧረ?» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ያን ሌሊት መብራት ጠፋ። እራት በልተን እንደተቀመጥን ሳልቫትዮው ያለበትን ጓሮ ላይ ውሻ ጮኸ። ሌባ መስሎኝ ሻማ አብርቼ ወጣሁ። ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ከኋላዬ «እማ! አቁሚ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ልጄ ነው። ሮጦ መጥቶ ሻማውን ከእጄ ነጥቆ ከእግሩ በታች ረገጠው። በሕይወቱ ጮኾብኝ አያውቅም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አያ የነገሩንን አልሰማሽም?» አለኝ። ሰምቻለሁ፤ ከእሱ ኋላ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ግን ልብ ብሎ የሰማው እሱ ነው። በጨለማው ውስጥ ሁለታችንም ቆመን ቀረን። «ይቅርታ» ያልኩት እኔ ነኝ።

እናንተም በቤታችሁ አሮጌ መኪና፣ ጀኔሬተር ወይም ሞተር ብስክሌት ካለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይኼን አትርሱ። ነዳጅ ወደ ነበረበት ዕቃ በሻማ፣ በክብሪት፣ በሲጋራ አትጠጉ። ልጆችን አርቁ። ታጠበ ተብሎም ቶሎ አይታመንም፤ ትነቱ በስፌቱና በዝገቱ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

ማክሰኞ ዕለት እጥበቱ ተጀመረ። በፈላ ውሃና በኦሞ አራት ጊዜ ታጠበ። ውሃው የሚፈላው ጎረቤት ነው፤ ልጄ በባልዲ ያመላልሳል። ከዚያ አያ አንድ ቁራጭ ሰንሰለት አስገቡበት። የተበተነ ብሎን ወይም ጠጠር ቢገባበት አንዱ ውስጥ ይቀራል፤ ሰንሰለት ግን ጫፉን ይዞ መጎተት ነው። ቀዳዳዎቹ በእንጨትና በጎማ ተወተፉ። እጃቸው እስኪዝል ናጡት። በመጨረሻ ውሃ የሚያመላልስ የአህያ ጋሪ ሲያልፍ አያ ባለጋሪውን ጠሩት። ሳልቫትዮው በጀሪካኖቹ መካከል በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ታሰረ። ድንጋያማውን መንገድ ሁለት ጊዜ ደርሶ መለስ ሄደ። ልጄ ከጋሪው ጎን በእግሩ ይከተላል። የሰፈሩ ሕፃናት ከኋላው ተሰልፈው «ሰርግ ነው?» ይሉታል። ሲስቅ ያየሁት በስንት ጊዜው ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ በያጅ መጣ። ሥራ አይቶ ነው፤ ክፋት የለበትም። ስፌቱ ላይ የተበሳውን አይቶ «በአምስት ደቂቃ እበይደዋለሁ» አለ። አያ ራሳቸውን ነቀነቁ። በጎልማሳነታቸው ባዶ በርሜል ሲበየድ ክዳኑ የቆርቆሮ ጣራ በስቶ ሲወጣ አይተዋል። በርሜሉ «ታጥቧል» ተብሎ ነበር። በያጁ ትንሽ ተሟግቶ ሄደ። አያ ለልጄ «የቸኮለ ሰው ሲመጣ መፍቻህን አስቀምጥና ቁጭ በል» አሉት።

ረቡዕ አቼቶ ገባበት። ቆቦ ያሉ ሱቆች ውስጥ የነበረውን ሁሉ ሳንጨርስ አልቀረንም፤ ባለሱቁ «ምን ያህል ሰላጣ ልትበሉ ነው?» ብሎኛል። አቼቶ ደካማ አሲድ ነው። ዝገቱን ቀስ ብሎ ያሟሟዋል፣ ደህናውን ብረት ብዙም አይጎዳም። ጠንካራ አሲድ በሰዓት ይጨርሰዋል፤ ግን ቀጭን ላሜራ ይበሳል፣ እጅና ዓይንም አይምርም። ግማሹን ሞልተን አንድ ቀን ተኩል በአንድ ጎኑ፣ አንድ ቀን ተኩል በሌላው አስተኛነው። ልጄ በየሦስት ሰዓቱ ያናውጠዋል። ሌሊትም ተነሥቶ ሲያናውጠው ሰማሁት።

ዓርብ ጥር 19 የትምህርት ሚኒስቴር የፈተናውን ውጤት ይፋ አደረገ። ወሬው በሬዲዮ ቆቦ ደረሰ። ከ896 ሺህ በላይ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ስድስቱ ወደቁ ማለት ነው። እኔ ደረቴ እየመታ «ያንተን አየህ?» አልኩት። «ኔትወርክ የለም» አለኝ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ የነበረ ስለሆነ አመንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አቼቶው ተደፋ። የወጣው ጥቁር ነበር። አያ የመጋገሪያ ሶዳ በውሃ በጥብጠው አጠቡት፤ አሲዱ ካልከሸፈ ብረቱን ውሎ አድሮ ይበላዋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ። በመለኪያው ቀዳዳ በኩል ስንመለከት ወለሉ ግራጫ፣ ንጹሕ ላሜራ ነው። ግን ዓይናችን እያየ ቢጫ ሽፋን ይጀምረው ነበር። ገና የተላጠ ብረት ርጥበት ካገኘ በደቂቃዎች ይዝጋል። ልጄ «ከጎረቤት ፀጉር ቤት ፎን ልዋስ?» አለ። አያ ፈገግ አሉ። «ፎን ውስጡ የሚግል ሽቦ ነው። ታጥቧል ብዬ አምናለሁ፣ ግን በእምነቴ ላይ እሳት አላስገባም።» ይልቅ ሳልቫትዮውን ተሸክመው ጎሚስታው ጋ ሄዱ። በጎማ መንፊያው አየር ለአንድ ሰዓት ነፉበት፣ በቆቦ ፀሐይም ተቀቀለ። ደረቀ።

ከዚያ ወደ ፀሐይ አንሥተው ቀዳዳ ፈለጉ። በጨለማው ሆድ ውስጥ ሁለት የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ብርሃኖች ታዩ፤ ሁለቱም በታችኛው ስፌት ላይ ናቸው። ልጄ ነው ያገኛቸው። አያ ከውጭ በኩል ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ የሚጠነክር የብረት ማጣበቂያ ቀቡት።

በዚያው ከሰዓት የውስጡ ማሸጊያ ተሠራ። ይኼን ውጭ ሀገር ያለው ወንድሜ አስቀድሞ ልኮልኝ ነበር፤ እሱም ሁለቱን ቀላቅለው የሚያፈሱት ነው። ተራ ቀለም አይሆንም። ቤንዚን ተራ ቀለምን ያሟሟዋል፣ እየተላጠም ከዝገቱ የባሰ ቱቦ ይዘጋል። በእኛ ሀገር ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ስለቆየ፣ ማሸጊያው ያንንም የሚችል መሆን አለበት። የመውጫው ቀዳዳና የክዳኑ ጥርስ ግሪስ ተቀቡ። ፈሳሹ ከገባ በኋላ ልጄ ሳልቫትዮውን በዝግታ፣ እንደ ሕፃን፣ በሁሉም ፊቱ አገላበጠው። ለእያንዳንዱ ፊት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ትርፉ ተንጠፍጥፎ ወጣ፤ ታች ከተጠራቀመ ይወፍርና ይሰነጠቃል። አያ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ያያሉ። አንድም ጊዜ «ስጠኝ» አላሉትም።

ያን ምሽት ልጄ እራት አልበላም። «ደክሞኝ ነው» አለ። እማዬ ግን ቁጭ ብላ ታየው ነበር። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ እኔን ሳይሆን እሱን እያየች ተናገረች።

«አሸዋውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ክረምቱ ነበር፣ 2013። ተኩሱ ቀረበ፤ ሰው ያለውን ሸክፎ ይሸሻል፣ የሌለውም ይቀመጣል። እሷ መሄጃ አልነበራትም። መኪና ያለበት ቤት ሁሉ መኪናው ይወሰዳል ሲባል ሰማች። «ቁልፉን ብደብቅ ይሰብሩታል፣ ብቃጠል ቤቴ ይቃጠላል» አለች። በአንድ ሌሊት ለቤት ጥገና ከተቀመጠው የሆርማት ወንዝ አሸዋ በጣሳ እየሰፈረች ሞላችበት፣ ከዚያ አገዳ ከመረችበት። «አባትሽ ስንት ዓመት የወለወለውን በአንድ ሌሊት አበላሸሁት። ላንቺ ለመናገር አፈርኩ። ሰኞ ስትቆጪ ‹ኧረ?› አልኩ። ዋሸሁሽ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

እኔ የምለው ጠፋኝ። ልጄ ግን ተነሥቶ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እማማ፣ እኔም ዋሽቻለሁ» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «ኔትወርክ ነበረ። ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። አልመጣልኝም።»

ወላጆች፣ እስቲ ራሴን ላጋልጥ። አፌ ላይ የመጣው የመጀመሪያው ቃል ጥሩ አልነበረም። ስንት ብር የማስጠኛ እንደከፈልኩ፣ የአክስቱ ልጅ እንዴት እንደሚያጠና፣ ሁሉም ተሰልፎ ነበር። ከዘጠና ስድስቱ አንዱ መሆኑን ማወቄ አላጽናናኝም፤ የራስ ልጅ በመቶኛ አይቆጠርም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት እጁ ተላልጦ፣ ሌሊት ተነሥቶ፣ የሌላ ሰው ስህተት ሲያጥብ አይቼዋለሁ። ሻማውንም የነጠቀኝ እሱ ነው። ያን ሁሉ ቀን ውጤቱን በሆዱ ይዞ ሳልቫትዮ ሲያገላብጥ ውሏል፤ ሊነግረኝ ግን ፈርቷል። እኔን መፍራቱ ከውጤቱ ይልቅ አመመኝ። «ነገ እንነጋገራለን፤ አሁን ብላ» አልኩት። እማዬ እንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው። በላ።

እሑድ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ሥራ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ተሄደ። ማሸጊያው እስኪጠነክር ቢያንስ አራት ቀን መቆየት ነበረበት፤ እኔና ልጄም በእነዚያ ቀናት ብዙ ተነጋገርን። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ወደ ሜዳው እንወጣለን። ዞብል በወገግታ ሰማያዊ ነው፣ ረፋድ ላይ ቡናማ ይሆናል። ትምህርት ቤት ሳለሁ በዚያው መንገድ እሄድ እንደነበር ነገርኩት። እኔም አንድ ጊዜ ወድቄ ክፍል እንደደገምኩ ነገርኩት። ይኼን ከዚያ በፊት ለማንም አልነገርኩም ነበር።

ሐሙስ ሳልቫትዮው ወደ ቦታው ተመለሰ። የመለኪያው ጓርኒሲዮን፣ የደረቁት የጎማ ቱቦዎች በአዲስ ተለወጡ። ከፖምፓው በፊት ውስጡ የሚታይ ማጥለያ ገባ። አያ በአንዴ አልሞሉትም። ሁለት ሊትር ብቻ ጨምረው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ዳሰሱት። ጨርቁ ደረቅ ነው። ባትሪው ተገናኘ። ተነሣ። ሦስት ደቂቃ፣ አምስት፣ አሥር። አልጠፋም።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ማንም ሳይጋብዛት ከፊት ተቀመጠች። አያ ነዱ፣ እኔና ልጄ ከኋላ። ወደ ዞብል በሚወስደው መንገድ፣ በታጨዱት ማሳዎች መሐል፣ አባቴ እስካረፈበት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እማዬ ወርዳ ተሳለመች፣ መቃብሩ አጠገብም ትንሽ ቆየች። ምን እንዳለችው አልሰማንም። ተመልሳ ስትገባ በሩን ሁለት ጊዜ ሳበችው፤ የዚያ በር ጠባይ እንደዚያ ነው፤ አልረሳችውም።

ገዥው በማግስቱ ደወለልኝ። «ተነሣ?» አለኝ። «ተነሥቷል፤ ግን ለጊዜው አልሸጠውም» አልኩት።

ልጄ ቆቦ ሊቆይ ጠየቀኝ። ለወደቁት የማካካሻ ትምህርት ይኖራል ይባል ነበር፤ ይድረሰው አይድረሰው ግን ገና አይታወቅም ነበር። እስከዚያ ከአያ ጋር ልሥራ አለ። እኔ ሌላ ጊዜ ቢሆን አልሰማውም ነበር። አያን ጠየቅኳቸው። «እጁ አይቸኩልም» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይኼ ትልቅ ነገር መሰለኝ። መጽሐፎቹን በሚቀጥለው አውቶቡስ ልልክለት ተስማምተን ብቻዬን ተመለስኩ።

ትናንት ማታ ደወለ። በማጥለያው ውስጥ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ማግኘቱን ነገረኝ። «ከየት ትመጣለች? ሁሉንም አጥበናል እኮ» አልኩት። «ከቱቦው ነው» አለኝ፤ «ነገ እሱን ፈትቼ አጥበዋለሁ። እማማ ቡናውን ጎረቤት ልታፈላ ነው።»